የአምስታችን ኮምፒውተርና የመምህሩ አርባ አንድ ገጽ

ሰዎቹን አስቀድሜ ልናገር። አንዱ እኔ ነኝ፤ ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቤቴ ኦክላንድ፣ ሥራዬ ሳን ሆዜ፣ መለዋወጫ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ። ሁለተኛዋ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ታስተምር ስለነበር የብዙዎቻችንን ወረቀት የምትተረጉመው እሷ ነበረች። ሦስተኛው ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ያንሳል፣ በትምህርት ይበልጣል። አራተኛው የኦክላንድ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሲያወራ ሰው ካላሳቀ የሚከፋው። አምስተኛው መምህሩ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት አስተዳድረዋል፤ በኋላ ታስረዋል፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ካስትሮ ቫሊ የእህታቸው ልጅ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ባለቤቴ ከአምስቱ ውስጥ የለችበትም፤ ሆኖም ይህ ነገር ሁሉ ያለፈው በእሷ ጓዳና በእሷ ትዕግሥት ነው።

እኛ አምስታችን ዕቁብ ጠጣን። ሌላው ሰው ከዕቁብ ገንዘብ ያወጣል፤ እኛ ግን ባጠራቀምነው ኮምፒውተር ገዝተን ዕቃውን ራሱን አዞርነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወር። ወሩ ሲያልቅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። የዕቁቡ ዳኛ እኔ ስለነበርኩ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕቃው የጋራ ነው፤ ቢጎዳ ጉዳቱም የጋራ ነው። ልጆች አይጫወቱበትም። አቧራ እንዳይገባበት ይሸፈናል። አስረካቢው በወሩ ውስጥ የለወጠውን ለተረካቢው ይነግራል፤ ተረካቢውም ይሰማል።

መምህሩ ማሽኑ ያለበትን ቤት እየተከተሉ ይመጡ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በብዕር መጻፍ ትተዋል፤ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ግን በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ይመቱታል። መሐንዲሱ የአማርኛ ፊደል የሚያወጣ ፕሮግራም ራሱ ሠርቶ ጭኖልን ነበርና በአማርኛ ነበር የሚጽፉት። የሚጽፉት ደግሞ የጥገኝነት ማመልከቻቸውን ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ ተመልሶባቸዋል፤ ስለ እስሩ ሁለት መስመር ብቻ ጽፈው ስለነበር። ጠበቃቸው ሁሉን ይጻፉት፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰዎቹን ስም፣ የተደረገብዎትን፤ አሁንም ከተመለሰ አገር ልቀቁ ይባላሉ ብሎ ነግሯቸዋል። ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ማናችንም ጮክ ብለን አንናገረውም ነበር። በአምስት ቤት እየዞሩ አርባ አንድ ገጽ ጻፉ። ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ ስክሪኑን ያጠፉታል። በወረቀትም አላወጡትም።

እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ከድርጅቱ መደርደሪያ ላይ የመመሪያ መጽሐፍ እያነሳሁ በምሳ ሰዓት በማንበብ ነው። በዚህ እኮራ ነበር፤ ለልጆቼም ሳልሰለች እነግራቸው ነበር። ሳታነቡ አትንኩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ እላቸው ነበር። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ግን አንድ በሽታ አለበት። የማያውቀውን ነገር ሌላ ሰው ሲነግረው የተሰደበ ይመስለዋል። ይህ በሽታ እንዳለብኝ ያኔ አላውቅም ነበር።

ተራዬ ደርሶ መሐንዲሱ ማሽኑን ይዞልኝ መጣ። ሻይ ቀረበለት። ጽዋውን እንደያዘ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ሳልረሳው አንድ ነገር ልንገርዎት። ዲስኩ ሊሞላ ስለነበር ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን መንገድ ትንሽ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር። «እኛም እኮ እዚያው ሙያ ላይ ነን።»

«እሺ ጋሼ» ብሎ ሻዩን ጠጣ። ከእኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ያንሳል። ቤቴ ተቀምጦ፣ የባለቤቴን ሻይ እየጠጣ፣ የለም ጋሼ አያውቁም ይበለኝ? ያሳደገው ሰው እንዲህ አላስተማረውም። ወሬውን ወደ መኪና ዋጋ አዞረውና ተነስቶ ሄደ።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አዲሱ ዶስ መጣ። ዶስ ማለት ያኔ ኮምፒውተር ሲነሳ ቀድሞ የሚነሳው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በላዩ የሚቆምበት ሥርዓት ነው። የእኛ ማሽን ቁጥር ሦስት ነበረው፤ አዲሱ አራት ነው። እኔ መሥሪያ ቤት በአራት እየሠራሁ የዕቁቡ ማሽን በሦስት መቅረቱ የኔ ስንፍና መስሎ ታየኝ። ማንንም ሳላማክር፣ በገዛ ገንዘቤ አዲሱን ገዛሁና አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ ተቀመጥኩ። የመምህሩ ጽሑፍ ጠበቃው ዘንድ ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሞኝ አልነበርኩም፤ ይህን ማለት አለብኝ። የሁላችንንም ጽሑፎች ወደ ፍሎፒ፣ ያኔ ጽሑፍ ይያዝበት ወደነበረው ስስ ተነቃይ ዲስክ፣ ገለበጥኩ። ገልብጬ እንደገና አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ፍሎፒ ሲያልቅብኝ የአሮጌው ዶስ ፍሎፒዎች ላይ ያለውን አጥፍቼ በእነሱ ሞላሁ፤ ቁጥር ሦስትን ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል፣ ደኅናውን ፍሎፒ ማባከን ነውር ነው ብዬ። ፕሮግራሞቹን አልገለበጥኩም። ፕሮግራም ከመጣበት ፍሎፒ እንደገና ይጫናል፣ ሰው የጻፈው ነገር ግን አይገኝም ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ማሽኑን አላወቅሁትም እንጂ። ከዚያ ዲስኩን ባዶ አደረግሁትና አዲሱን ጫንኩ።

ከሰዓት በኋላ የአማርኛው ፕሮግራም እምቢ አለ። ሚሞሪ አይበቃኝም ይላል። አዲሱ ዶስ ከአሮጌው የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ለፊደሎቻችን የተረፈው አልበቃም። አማርኛውን ለማየት ፊደል የሚያወጣው ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ መነሳት አለበት፤ እሱ እንዲነሳ የስክሪኑ መነሳት አለበት፤ የፕሪንተሩ ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ካልሆነ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። አንዱን ሳነሳ አንዱ ይተኛል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። የማያስፈልገውን እያወጣሁ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየርኩ፣ ሁለት ጊዜ ሁሉንም አጥፍቼ ከመጀመሪያው እየጫንኩ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አማርኛው ተከፈተ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እንኳን ደስ ያለህ፤ አሁን ብላ» አለችኝ።

ከዚያ የመምህሩን ጽሑፍ ከፈትኩ፤ ላነበው ሳይሆን መኖሩን ላረጋግጥ። ቁጥር ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ። የሳን ሆዜዋን ሴት ደብዳቤ ከፈትኩ፤ ቁጥር። ለልጆቼ የጻፍኩትን የራሴን ምክር ከፈትኩ፤ እሱም ቁጥር። ከፍሎፒው እንደገና ገለበጥኩት፤ ያው ቁጥር። መሐንዲሱን ሻይ ላይ ንግግሩን እንዳቋረጥኩበት ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ ለባለቤቴ፣ መምህሩ ሲመጡ ማሽኑ ጥገና ላይ ነው በያቸው አልኳት። «ጥገና ላይ ነው?» ብላ አየችኝ። የመኪና ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። ነገረቻቸው። እሳቸውም ምሳ በልተው፣ አመስግነው፣ በአውቶቡስ ተመለሱ። ማክሰኞም እንዲሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቼን ስለዋሹ የቀጣሁ ሰው ባለቤቴን አስዋሸሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ስንነጋገር ትሰማ ነበርና ማክሰኞ ማታ ራት ላይ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ አባባ፣ ሰውዬው እኮ ጽሑፉ አሁንም እዚያ ያለ ይመስላቸዋል አለችኝ። ዝም ብለሽ ብዪ አልኳት።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ወደ ሚልፒታስ ነድቼ መሐንዲሱን ከፋብሪካው ፓርኪንግ አስጠርቼው ነበር። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብለን ነገርኩት። ሳንድዊቹን ከነወረቀቱ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሰማኝ።

ያን ዕለት ሊነግረኝ የፈለገው ይህ ነበር። ዲስኩ ሲሞላበት፣ ቦታ ለመቆጠብ፣ የሁላችንንም ጽሑፍ የሚያሳጥር ፕሮግራም ሠራ። እያንዳንዱ ቃል በዝርዝር ይመዘገብና ቁጥር ይሰጠዋል፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስንከፍተው ማሽኑ ከዝርዝሩ እያየ ቃሉን ይመልሰዋል፤ ለዚህ ነው ማናችንም ያላወቅነው። ዝርዝሩን ያስቀመጠው ከጽሑፎቹ ጋር ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር ነው። አዲስ ቃል በተጻፈ ቁጥር ዝርዝሩ እዚያው ማሽኑ ላይ ያድጋል። በየትኛውም ፍሎፒ ላይ አልነበረም። እኔ ጽሑፉን በጥንቃቄ አድኜ፣ የሚያነበውን ነገር አጥፍቼዋለሁ።

«ሌላ ቅጂ የለህም?»

«የሙከራው ብቻ ነው ያለኝ፣ በራሴ ደብዳቤ የሞከርኩበት። ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ የመምህር ቃላት የሉበትም።»

ቆይቶ «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለ። «ጠበቅ አድርጌ መናገር ነበረብኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳንድዊቹን ብላ አልኩት። ያን ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የጠየቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ማታ መጥቶ ዲስኩን ከማሽኑ ፈታው፤ በማግስቱም የጠፋ ነገር ከዲስክ ላይ የሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ሳን ሆዜ ወሰደው። ሰዎቹ ከጠፋ በኋላ ስንት ጊዜ ጻፋችሁበት ብለው ጠየቁት። ስንት ጊዜ እንደጫንኩ፣ ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንደጫንኩ እኔም አላውቅም። እያንዳንዱ ልፋቴ ከታች የተቀበረውን ይበላው ነበር። ሐሙስ ዕለት ያገኙትን ሰጡን። የዝርዝሩ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ መቶ ሠላሳ ያህል ቃል። ይህንንም ለማንበብ የመሐንዲሱ ማሳጠሪያ በአዲሱ ዶስ ስለማይሠራ አሮጌውን ዶስ ፈለግን። እሱን ደግሞ በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር። ታክሲ ነጂው ተሳፋሪውን ትቶ ግማሽ ቀን የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ለሱቅ ዞረልኝ። «ኢንጂነር፣ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ የምትገዛ» ብሎ ፍሎፒዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጣላቸው፤ በእኔ ሲቀልድ ኢንጂነር ነው የሚለኝ።

ዝርዝሩ የተደረደረው ብዙ ጊዜ ከሚገቡት ቃላት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተመለሱልን እኔ፣ እነሱ፣ ነበር፣ ነው፣ እና፣ ከዚያ፣ ቀን፣ አለኝ፣ በር የመሳሰሉት ናቸው። አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የተጻፈው ሁሉ፣ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የተደረገው ነገር፣ ቁጥር እንደሆነ ቀረ። አርብ የመጀመሪያውን ገጽ አተምነው። «ከዚያ በር 612 እና እኔ 907 ነበር። 340 አለኝ። እነሱ 1108 ቀን 1109።» አርባ አንድ ገጽ እንዲህ ነው። መሐንዲሱ ወረቀቱን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። የሰው ነፍስ በእጄ ላይ እንዳለ፣ እጄም ያልተማረ እጅ እንደሆነ ገባኝ። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ስድስት ቀን ሲቀር፣ ወረቀቱን ይዤ ብቻዬን ካስትሮ ቫሊ ሄድኩ። የእህታቸው ልጅ ሥራ ሄዳለች። መምህሩ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ፤ ማሽኑ ተጠግኖ የመጣሁ መስሏቸው ፊታቸው ፈካ። ቆሜ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሊነግረኝ የፈለገውን ሰው ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፣ አምስት ቀንም ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ማንበብ ጀመሩ። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ መስመሩን ይከተላል።

«ይህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ምንድነው?»

«አላውቅም መምህር።»

«እኔም አላውቅም።» ገጹን አጠፉት። «ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ሁሉም እንዲህ ነው።»

«በወረቀት ያላወጣሁት የእህቴ ልጅ እንዳታገኘው ብዬ ነው» አሉ። «በአፌ ለማንም ላለመናገር ነበር የጻፍኩት። አንዴ ጽፌው ልገላገል።» ከዚያ ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አንተ የእጅ ጽሑፍህ ይነበባል?» አሉኝ። ይነበባል አልኳቸው። «እንግዲያው ሰኞ እመጣለሁ። ሴቶቹና ልጆቹ አይኑሩ።»

ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወጣች። መምህሩ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ። ያሉትን እዚህ አልደግመውም፤ የኔ አይደለም። ውጭ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮሃል። እስኪያልፍ ይጠብቁና ይቀጥላሉ። አንድ ቦታ ላይ የአንድ ሰው ስም ሊናገሩ ጀምረው አቆሙ። ብዕሬን እንደያዝኩ፣ ማን ነበር መምህር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን ቁጥር አድርገው» አሉኝ።

አልጻፍኩም፤ አልጠየቅሁምም። ብዙ ነገር እንደዘለሉ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ድምፃቸው ወደ አንድ ነገር ይሄድና ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላ ቀን ይሻገራል። አርባ አንዱ ገጽ ዘጠኝ ሆነ። ሲጨርሱ ተነስተው እጃቸውን ረጅም ጊዜ ታጠቡ። በመኪናዬ ላድርስዎ ስላቸው እምቢ ብለው በአውቶቡስ ሄዱ።

የሳን ሆዜዋ ሴት ከሥራ መልስ በሁለት ቀን ተረጎመችው። ሐሙስ ስልክ ደውላልኝ፣ ጋሼ፣ እዚህ ሦስተኛው ገጽ ላይ የጎደለ ነገር አለ እንዴ አለችኝ። አለ፣ እንዳለ ተርጉሚው አልኳት። አርብ ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ጠበቃው እጅ ገባ።

ፈቃዱ ከወራት በኋላ መጣ። መምህሩ እዚህ አገር እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ ኖሩም፤ እዚሁ ተቀበሩ። ከቀብሩ በኋላ የእህታቸው ልጅ መጥታ፣ በእርስዎ ቤት ሲጽፉት የነበረ ነገር ነበር፣ ቀርቶ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ፍሎፒውን አሁንም አላጣሁትም። ቁጥር ነው ያለው ልጄ፣ ሌላ የለም አልኳት። ስለ ዘጠኙ ገጽ አልነገርኳትም። ትክክል ማድረጌን አላውቅም።

ፈቃዱ ወደመጣበት ጊዜ ልመለስ፤ የጠበቃው ሂሳብ አብሮት ነበር የመጣው። አምስታችን ሳን ሆዜ፣ የሴትዮዋ ቤት ተሰበሰብን። ታክሲ ነጂው መምህሩን እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ስሞ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ፤ «ኢንጂነር፣ ዘጠኝ ገጽ ከበቃ ሠላሳ ሁለቱን ማጥፋትህ ውለታ ነው እኮ» አለ። መሐንዲሱ አቀረቀረ። መምህሩ ፈገግ አሉ፤ ለቀልዱ ሳይሆን ቀልደኛው እንዳያፍር ይመስለኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ማሽኑ አልተመለሱም፤ ተራቸው ሲደርስ ለሌላ ይሰጡት ነበር።

እኔ ወጪውን ሁሉ ልክፈል አልኩ። ሴትዮዋ ደረሰኞቹን ከፊቴ ሰበሰበች።

«አይሆንም ጋሼ። ዕቃው የጋራ ከሆነ ጉዳቱም የጋራ ነው። ሕጉን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ብከራከር ሕግ አፍራሽ እሆናለሁ፤ ዝም ብል ያጠፋሁትን ሰው አስከፍላለሁ። መምህሩ ነገሩን አሳጠሩት። ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አውጥተው፣ የዶላር ኖቶቹንና ሳንቲሞቹን በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የዕቁቡ ዳኛ ነኝና ቆጥሬ ተቀበልኳቸው፤ ደረሰኝም ጻፍኩላቸው።

ከዲስኩ ያወጡልን ሰዎች ዋጋ፣ የአሮጌው ዶስ፣ የጠበቃው የጥድፊያ ክፍያ፣ የቤንዚኑና የወረቀቱ፣ ተደምሮ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ዶላር ሆነ፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ሰማንያ ስድስት ዶላር ከአርባ ሳንቲም።